ጥያቄና መልስ፦ በቤቴ ግድግዳ ላይ ለሚሣለው ሥዕል የጎረቤቶቼን ድጋፍ እንዴት ላግኝ?

ጥያቄ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

እኔና ባለቤቴ ከ11 ዓመት በፊት በምዕራብ ፊላዴልፊያ፣ ከባልቲሞር ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ ሰፈር ቤት ገዝተን ከሦስት ልጆቻችን ጋር እንኖራለን። ቤታችን እዚህ ሮው ሀውስ ከሚባሉት፣ ግድግዳ ተጋርተው ከተደረደሩት ቤቶች አንዱ ነው። ሆኖም በስተቀኝ ተያይዞት የነበረው ቤት እኛ ከመምጣታችን አስቀድሞ ስለ ፈረሰ፣ የጎን ግድግዳችን ከመሬት እስከ ጣሪያው ድረስ ራቁቱን ቆሞ ለመንገደኛው ሁሉ ይታያል። ሌሊት እየመጡ ስማቸውን በስፕሬይ የሚጽፉ ልጆች ስላስቸገሩን፣ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል አራት ጊዜ ቀለም ቀብተን ሸፍነነዋል።

ባለፈው መስከረም የትልቁ ልጄ ጓደኛ የሆነ ወጣት ሠዓሊ፣ የእጅ ዋጋ ሳያስከፍለን ግድግዳውን በሙሉ ሊሥልልን ንድፍ ይዞ መጣ። ንድፉ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ፣ የቡና ረከቦትና ሹሩባ የተሠራች ሴት አጣምሮ የያዘ ነው፤ እኔም ባለቤቴም በጣም ወደድነው። የአካባቢው ሕዝብ ድጋፍ ያስፈልጋል ስለ ተባልሁ፣ እየዞርሁ 60 ሰው አስፈርሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፈረሙት አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያናችንና የእድራችን ሰዎች ናቸው፤ ከራሳችን መንገድ የፈረሙት 9 ብቻ ናቸው። በባዶው ቦታ ትይዩ የሚኖሩት፣ በሰፈሩ ከ40 ዓመት በላይ የቆዩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት፣ ወረቀቱን አንብበው «ቆንጆ ነው፤ ግን አልፈርምም» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል፤ ይህም ከሥዕሉ ይልቅ ያሳስበኛል።

የእኚህን እናት ፈቃድ ሳላገኝ ሥራውን ባስጀምር ጥፋት ይሆንብኛል? ቤቱ የእኛ ከሆነስ የጎረቤት ድጋፍ ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? ደግሞም ከዓመታት በኋላ ቤቱን ብንሸጥ ወይም ግድግዳውን ማደስ ቢያስፈልገን፣ ሥዕሉን የማጥፋት መብት ይኖረናል?

አንባቢያችሁ፣ ከምዕራብ ፊላዴልፊያ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ 60 ፊርማ ማሰባሰብ ብዙ ደጅ ማንኳኳትን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ድካምዎን አቅልለን አናየውም። ይሁን እንጂ የእድርዎ ሰዎች ግድግዳውን የሚያዩት ሊጠይቁዎ በመጡ ቀን ብቻ ነው። እኚያ እናት ግን በየማለዳው መስኮታቸውን ሲከፍቱ ከፊታቸው የሚያገኙት እርሱን ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንለው በችግር ቀን ስለሚደርስልን ብቻ ሳይሆን፣ የምናደርገው ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ስለሆነም ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ ከራስዎ መንገድ ያገኟቸው 9 ፊርማዎች ከሌሎቹ 51 ይበልጣሉ፤ ያላገኙት አንዱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። (በዚህ መልስ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሕግ ረገድ ከተመለከትነው፣ የግል ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕል ለማሣል የጎረቤት ፊርማ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ የግድ አይሆንም። ቤትዎ በታሪካዊነት በተመዘገበ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ግን ጡቡን ከመቀባትዎ በፊት የከተማውን የታሪክ ኮሚሽን መጠየቅ ይኖርብዎታል። ስለዚህ የጎረቤትን ድጋፍ የምንመክርዎ ሕግ ስላስገደደ ሳይሆን፣ የሚኖሩበት ከተማ ራሱ ይህን ነገር በብዙ ልፋት የተማረው ስለሆነ ነው።

ፊላዴልፊያ በ1950 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ2000 ግን የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዶ ነበር። ፋብሪካዎች ሲዘጉና ሰው ሲለቅ፣ ባለቤት ያጡ ቤቶች ከረድፉ መካከል እየተመረጡ ፈረሱ፤ እንደ እርስዎ ያለው የጎን ግድግዳም ዝናብና ፀሐይ ሊመታው ሳይታሰብ በድንገት ውጭ ቀረ። በ1984 ከንቲባ ዊልሰን ጉድ ግራፊቲን ለመከላከል አንድ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁሙ፣ ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ ተቀጠረችና በስፕሬይ ግድግዳ የሚያበላሹትን ወጣቶች ብሩሽ አስይዛ ሥዕል ማሠራት ጀመረች። ያ ሥራ በ1996 ራሱን ችሎ የከተማው የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በጠቅላላው ከ4,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ተሠርተዋል። የፕሮግራሙ ልማድ ንድፍ ሠርቶ ሰው ማስፈረም አይደለም። አስቀድሞ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ይነጋገራል፤ ሠዓሊው ይሰማል፤ ንድፍ ሠርቶ ይመለሳል፤ ሰው ይተቸዋል፤ ይስተካከላል፤ ግድግዳው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህን ውጤት ከቤትዎ ሳይርቁ ማየት ይችላሉ። በማርኬት ጎዳና ላይ፣ ከ45ኛው እስከ 63ኛው መንገድ ድረስ፣ ከፍ ብሎ ከሚሄደው ባቡር ሆነው ሲመለከቱ በየጣሪያው ጥግ ትልልቅ የፍቅር ቃላት ተጽፈው ያያሉ። ይህ በ2009 ስቲቨን ፓወርስ የተባለ ሠዓሊ በ50 ግድግዳዎች ላይ የሠራው «የፍቅር ደብዳቤ» ነው። ፓወርስ በዚያው በምዕራብ ፊላዴልፊያ ያደገና በወጣትነቱ በስፕሬይ ስሙን ይጽፍ የነበረ ሰው ነው። ሥራው በሰፈሩ ሰው ዘንድ የራስ ሆኖ የቀረው፣ በእኛ ግምት፣ ቃላቱ ሰፈሩ ራሱ ለራሱ የሚናገራቸው ስለሚመስሉ ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዳይ እንመለስ። ንድፉ ያምራል፤ እኚያም እናት «ቆንጆ ነው» ብለውዎታል። ስለዚህ ቅሬታቸው ከሥዕሉ ማማርና አለማማር ጋር አይደለም። እርሳቸው ዘንድ የደረሰው ያለቀ ነገር ነው፤ የቀረላቸው መፈረም ወይም አለመፈረም ብቻ ነበር። ሌላም ልናሳስብዎ የምንወደው ነገር አለ። ግድግዳዎን ቀለም ካልደረሰበት ከፍታ ላይ አተኩረው ይመልከቱት። በእንዲህ ያሉ ግድግዳዎች ላይ የፈረሰው ቤት ደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረበት መስመር፣ የመኝታ ቤቱ ቀለም ቅሪት፣ የምድጃው ጭስ ያጠቆረው ጡብ ብዙ ጊዜ ይታያል። ለእርስዎ ያ ስፍራ ሲመጡ ጀምሮ ባዶ ቦታ ነው። 40 ዓመት ለቆዩት እናት ግን ሰዎች የኖሩበት፣ ልጆች ያደጉበት፣ ምናልባትም የቅርብ ወዳጃቸው ቡና ይዛ በረንዳው ላይ የምትቀመጥበት ቤት ነበር። በዚያ ላይ ምን እንደሚሣል ሲታሰብ እርሳቸውን ቀድሞ የጠየቀ ሰው የለም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ንድፉን ቤት ያስቀምጡት። ወረቀትም እስክሪብቶም ሳይዙ፣ ዳቦ ጋግረው ወይም ቡና አፍልተው ይሂዱና «ያ ቤት ከመፍረሱ በፊት ማን ይኖርበት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። ከዚያ ያዳምጡ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሥዕሉ ካላነሡ እርስዎም አያንሡ። ሰላምታው ከተመለሰ ግማሹ መንገድ ተሄዷል ማለት ነው፤ ካልተመለሰም አዛውንት ጎረቤትን ሄዶ መጠየቅ ወጉ ስለሆነ የሚያጡት ነገር የለም። ሌላ ሥጋት ሊኖራቸውም ይችላል፦ ፎቶ አንሺዎች ደጃፋቸው ላይ እንዳይሰበሰቡ፣ ሌሊት መብራት እንዳይበራባቸው፣ ወይም ሰፈሩ ሲያምር የቤት ግብሩና ኪራዩ ጨምሮ ነባሩ ሰው እንዳይገፋ። ይህ የመጨረሻው ሥጋት በምዕራብ ፊላዴልፊያ በከንቱ የሚነሣ አይደለም። በዲትሮይት ከተማ ታይሪ ጋይተን የተባለ ሠዓሊ ከ1986 ጀምሮ የተተዉ ቤቶችን በቀለም ነጥቦችና በተጣሉ ዕቃዎች አስጊጦ ሃይደልበርግ ጎዳናን በዓለም ዙሪያ ሲያሳውቅ፣ ጎብኚው በዛ፤ ከጎረቤቶቹ ግን የተደሰቱም ያማረሩም ነበሩ፤ ከተማውም በ1991 እና በ1999 ከሥራው ብዙውን አፍርሶታል። የእርስዎ አንድ ግድግዳ ያን ያህል ነገር አያመጣም፤ ሥጋቱ ግን ሲነገር ሊደመጥ ይገባል።

ቀጥሎ የመንገድዎን ብሎክ ካፒቴን ያነጋግሩ። ፊላዴልፊያ ውስጥ በብዙ መንገዶች ላይ ጎረቤቶች የሚመርጧቸው እንዲህ ያሉ አስተባባሪዎች አሉ፤ የጽዳት ቀን የሚያደራጁት እነርሱ ናቸው። ስብሰባ በእርስዎ ቤት ከሚጠራ በብሎክ ካፒቴኑ ቢጠራ ሰው በነፃነት ይናገራል። ሠዓሊውም ይገኝ፤ ነገር ግን ንድፉን በኮምፒውተር ከማሳየቱ በፊት አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይስማ።

ከዚህ ላይ «ታዲያ ቤተ ጊዮርጊስ ሊቀር ነው?» ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ሊቀር አይገባውም። ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ከየት እንደ መጡ ግድግዳዎ ቢናገር ማንም ሊቀየም አይችልም። ጥያቄው የጎረቤቶችዎ ታሪክ ከእርስዎ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ስፍራ በሥዕሉ ላይ ይኑር ወይስ አይኑር ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ደግሞ ከልብ ወለድ መፍጠር አያስፈልግም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሊወር በተሰናዳበት በ1935፣ ጆን ሮቢንሰን የሚባል፣ ቱስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ገባ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች በጦርነቱ ጊዜ እያበረረ አገለገለ፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች በረራ አስተማረ፤ በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ ሕይወቱ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች ያሉ የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ለኢትዮጵያ ጸልየዋል፤ ገንዘብም አሰባስበዋል። የጎረቤትዎ ወላጆች ስለዚህ ሲነገር ሰምተው ሊሆን ይችላል። በስብሰባው ላይ ይህን እንደ ጥያቄ ያንሡት እንጂ እንደ ውሳኔ አያቅርቡት። ሰዉ ሌላ ነገር ከመረጠ ሌላው ይሁን።

አሁን ደግሞ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንጨምር፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይበልጥ ጎረቤትን የሚያስማማው ይህ ነው ብለን እናምናለን። በፊላዴልፊያ ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀጥታ በጡቡ ላይ አይሣሉም። ንድፉ በስስ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል፤ ጨርቁ እያንዳንዱ ጎን አምስት ጫማ በሆነ ቁራጭ ተቆርጦ፣ በየመስመሩ መካከል ቁጥር ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ ደግሞ በክዳናም ኩባያ ካለው ቀለም ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ የሥዕል ቀን በተካሄደበት የሰፈር አዳራሽ ተገኝቶ ነበር። በረጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱ የደረሰውን ቁራጭ ይቀባ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ከቀኑ ግማሽ በላይ በቁጥር 14 ቡናማ ቀለም ብቻ ስትሠራ ቆየችና «ይህ ምኑ ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ያን ቀን መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። ጨርቁ በሙጫ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሥዕሉ በተገለጠበት ቀን ግን፣ ያ ቡናማ የአንዲት አያት ክርን ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ እናቷን እጇን ይዛ እየጎተተች «ያ ክርን የእኔ ነው» ስትል ሰምተናል።

ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጎንደርና በጣና ደሴቶች ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደስ ሥዕሎቻቸው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ሥዕሉን ያሠራው ሰውም ከግርጌው ተደፍቶ ይሣላል፤ ስሙም ይጻፋል። እርስዎም ከሥዕሉ ግርጌ፣ ብሩሽ የያዙትን የመንገድዎን ሰዎች ስም በሙሉ ቢያስጽፉ፣ ከአገራችን ሥርዓት የወጣ ለሰፈሩም የሚሆን ነገር ያደርጋሉ። ከተቻለ የዚያ የፈረሰው ቤት ነዋሪዎችም የቤተሰብ ስም፣ ዘመዶቻቸው ከፈቀዱ፣ ይጨመር።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቅዎ፦ በሕይወት ያለን የታወቀ ሰው፣ በተለይም ባለ ሥልጣንን፣ በግድግዳዎ ላይ አያሥሉ። በዋሺንግተን ዩ ስትሪት፣ ወገኖቻችን ብዙ ምግብ ቤት ከከፈቱበት አካባቢ አጠገብ፣ ቤንስ ቺሊ ቦውል በሚባለው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሥሎ የነበረው፣ ብዙ ሴቶች በጾታ ጥቃት የከሰሱት የኮሜዲያኑ የቢል ኮስቢ ምስል በ2017 ከነሌሎቹ ጠፍቶ፣ በምትኩ የሚሣሉት ሰዎች በሕዝብ ድምፅ ተመርጠዋል። የሞተ ሰውም ቢሆን ሕዝብን ሊከፋፍል ይችላል። በዚያው በፊላዴልፊያ የቀድሞው ከንቲባና የፖሊስ አዛዥ የፍራንክ ሪዞ ምስል በ1995 በጣልያን ገበያ በአንድ ሕንፃ ላይ ሲሣል የደገፉት ብዙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፖሊሶቹ በጥቁሮች ላይ ያደረሱትን በደል የማይረሱ ሰዎች ለ25 ዓመት ቀለም ሲረጩበት ኖረው፣ በሰኔ 2020 ተቀብቶ ጠፋ። ድጋፍ ነበረው፤ ድጋፉ ግን የአንዱ ወገን ብቻ ነበር።

ስለ መብትዎ የጠየቁት ጥያቄ እጅግ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ከረፈደ በኋላ ነውና። በአሜሪካ በ1990 የወጣው፣ በአጭሩ ቫራ የሚባለው ሕግ፣ ለሠዓሊው በቤቱ ባለቤት ግድግዳ ላይ እንኳ መብት ይሰጠዋል። ሥራው ዕውቅና ያለው ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ባለቤቱ እንደ ፈለገ ሊያጠፋው አይችልም። በኒው ዮርክ ክዊንስ፣ ፋይቭ ፖይንትዝ በሚባለው የመጋዘን ሕንፃ ላይ ሠዓሊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ለዓመታት ሲሥሉ ኖረው፣ በኅዳር 2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባባቸው። ፍርድ ቤቱ በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2020 ውሳኔውን አጸና። ይህን የምንነግርዎ ልናስፈራዎት ሳይሆን፣ ወጣቱ «በነፃ ልሥልላችሁ» ስላለ ውል አያስፈልግም ብለው እንዳይተዉት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ግድግዳው በመታደሱ፣ በመፍረሱ ወይም በመሸጡ ምክንያት ሥዕሉ ሊጠፋ እንደሚችል ሠዓሊውም እርስዎም አውቃችሁ ፈርማችሁ ይቀመጥ፤ ከማጥፋት በፊትም ስንት ቀን አስቀድመው እንደሚነግሩት ይጻፍ። ሕጉ ራሱ ሳይበላሽ ሊነሣ ለሚችል ሥራ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ስለሚጠይቅ፣ ያንኑ ልክ ቢወስዱ መልካም ነው። ውሉን ጠበቃ ይይልዎ። ሠዓሊውም ለቀለሙና ለመወጣጫው ብቻ ሳይሆን ለድካሙ የሚገባውን ነገር ያግኝ፤ የልጅዎ ጓደኛ መሆኑ ሥራውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም።

የግድግዳውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ጡቡ ውኃ የሚያስገባ ከሆነ የትኛውም ሥዕል ይላጣል፤ ስለዚህ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ፍሳሽ ይጠገን፣ የተበላው የጡብ መገናኛም ለአሮጌ ጡብ በሚስማማ ኖራ ባለበት ቡኬት ይሞላ። የባዶው ቦታ ባለቤት ማን እንደሆነም ከከተማው መዝገብ ይፈልጉ፤ መወጣጫው የሚቆመው በእርሱ መሬት ላይ ነው፤ ነገ ቤት ቢሠራበትም ሥዕልዎ በሙሉ ይሸፈናል። በፊላዴልፊያ በዚህ መንገድ የጠፉ ሥዕሎች ጥቂት አይደሉም።

ጊዜም አለዎት። ቀለሙም ሙጫውም የሚይዘው አየሩ ሞቅ ሲል፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ስለሆነ፣ ሠዓሊው ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት መወጣጫ ላይ ሊወጣ አይገባውም። የብርዱን ወራት ለጎረቤትዎ ይስጧቸው፤ የሰበሰቡትን 60 ፊርማ አይጣሉት፣ ግን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።